ከጉና እስከ ኮሌጁ በር፣ ምክር ተሸክመን

ረቡዕ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ጉና ግርጌ

ጉና ላይ ጎህ ቀደደ የሚባለው ፀሐይ ስትታይ አይደለም፤ ጥቁሩ ጭጋግ ነጭ ሲሆን ነው። በቅሎዋን የጫንናት በዳበሳ ነበር። አንድ ስልቻ በሶ፣ አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ፣ ለመንገድ የተቀቀለ ድንች፣ ብርድ ልብስ፣ የበግ አጎዛ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የልጅ ልጄ የይታይሽ የቆርቆሮ ሳጥን። ባሕር ዳር ሙቀት አገር እንደሆነ ለልጄ ነግሬያታለሁ። ለንግሥም ለጸበልም ወርጄ አውቀዋለሁ፤ ሰዉ በር ከፍቶ ነው የሚተኛው። ልጄ ግን "አጎዛው ይሂድ፤ ብርድ እንደሆነ አስፈቅዶ አይመጣም" ብላ ጠፍራ አሰረችው።

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ይታይሽ ደብረ ታቦር ቤት ተከራይታ፣ በየሰንበቱ ስንቋን ተሸክማ እየወረደች፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ባሕር ዳር ካለው ኮሌጅ ተመደበች። ከቀበሌያችን ኮሌጅ የገባች ሴት ከእሷ በፊት የለችም። አባቷ ወደ ሰሜን ዘምቷል። እናቷ ገብሱን ለውርጭ ጥላ መራቅ አትችልም። "የአንቺ እግር እንደሆነ አያርፍ፤ አንቺው አድርሻት" ተባልኩ። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። ረቡዕ በጎህ የተነሳ ሰው ዓርብን ያጣል ብሎ ማን ያስባል?

አሁን አሁን፣ መስከረም በጠባ ቁጥር፣ ልጃቸው ኮሌጅ የሚገባላቸው ሴቶች እየመጡ "እማማ አንጓች፣ እርስዎ ያውቁታል፤ እስቲ ለልጃችን ምክር ይስጡልን" ይሉኛል። እኔ ምን አውቃለሁ? ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከግራር ጥላ ሥር፣ ሰሌዳውን ፍየል እየላሰብን። ግን በዚያ መንገድ ላይ የተሰጠው ምክር ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ አለ። የሰጡት ሰዎች እንዳይቀየሙ አንዱንም ሳልጥል ይኸው ጻፍኩት። የሚጠቅማችሁን ውሰዱ፤ የቀረውን ለበቅሎዋ ተዉላት፣ ለምዳዋለች።

ረቡዕ፣ ፀሐይ ስትወጣ፤ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት

ያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ከአውራጃ አውራጃ መሻገር አይቻልም። ወረቀቱ ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እጅ ነው፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ ከአልጋው ነው። ቆመን ጠበቅነው። በመጨረሻ ካኪ ሱሪውን እየታጠቀ፣ በእንቅልፍ ዓይኑ ወጣ።

"ጓዲት ይታይሽ! ነይ፣ ነይ ተቀመጪ" አላት።

አምና ከባቄላ ማሳው ሲያባርራት "አንቺ የማን አህያ!" ነበር ያላት። ኮሌጅ ስትመደብ ጓዲት ሆነች። በአንድ ዓመት ይህን ያህል ማደግ ለማን ተሰጥቷል?

"ያስተማረሽ አብዮቱ ነው፤ እንዳትረሺ" አላት።

"ድንቹስ?" አልኩ እኔ።

"የቱ ድንች፣ እማማ?"

"በየሰንበቱ ተሸክማ እየወረደች የሸጠችው ነዋ። የቤት ኪራዩን የከፈለው።"

ትንሽ አሰበ። "እሱም የአብዮቱ ድንች ነው" አለኝ።

አባቷን ለዘመቻ የመለመለው ይኸው ሰው ነው። ግን ይለፉ ገና አልተፈረመም።

ወንበሩን ሳብ አድርጎ ምክሩን ጀመረ። "ኮሌጅ ማለት ስብሰባ ነው። ስብሰባ ላይ ከፊት ተቀመጪ። ጭብጨባ ሲጀመር ከሁሉ አትቅደሚ፣ አስመሳይ ነች ይሉሻል። ሲያልቅ ግን ቀድመሽ እንዳታቆሚ። መዳፍሽ ቢቃጠል እንኳ!"

"ምን ያህል ይጨበጨባል?" አለች ይታይሽ፣ ከልቧ። ልጅቷ የተነገራትን ሁሉ የምትይዝ ናት፤ ጣጣውም እዚያ ላይ ነው።

"እንደ ተናጋሪው ነው። ደግሞ ጥያቄ አትጠይቂ። የሚጠይቅ ሰው ያልገባው ይመስላል። ያልገባው ሰው ያልተስማማ ይመስላል። ያልተስማማ ሰው..." አለና ወደ በሩ አየት አድርጎ ተወው።

ከዚያ ማኅተሙን በትንፋሹ አሟሙቆ ጠቅ አደረገልን። ስንወጣ ሚስቱ አንድ ቁና የተቆላ ባቄላ አምጥታ ስልቻው ላይ ጨመረችበት። ባቄላው ከዚያው ካባረራት ማሳ ነው። ይታይሽ አንዱን አፏ ውስጥ ጣል አድርጋ "አምና ጥሬው ይሻል ነበር" አለችኝ ቀስ ብላ። እስከዚያ ድረስ ልጅቷ ደህና ነበረች፤ ትስቅ ነበር።

ረቡዕ፣ ቀትር፤ የየኔታ ደጅ

ቁልቁለቱን ስንወርድ የደጋው ተክል ጅብራው እየቀረ፣ ባሕር ዛፉ እየበዛ ሄደ። ከመንገዱ ዳር ካለው ቤተ ክርስቲያን የየኔታ ጉባኤ አለ፤ ተማሪዎቹ ከትናንሽ ጎጆዎች ሥር ተኮልኩለው በየዜማቸው ይጮኻሉ። የኔታ የነፍስ አባቴ ናቸው። በደጃቸው አልፎ ሳይሳለሙ መሄድ በእኛ አገር ስድብ ነው።

"ወዴት ነው እንዲህ ተጭናችሁ?" አሉ፣ ከአጎዛቸው ሳይነሱ።

"ይታይሽ ለትምህርት ባሕር ዳር ልትወርድ ነው፣ የኔታ።"

"እሰይ! እኔም ለቅኔ ወደ ጎጃም ስወርድ እንደሷ ሎጋ ነበርኩ። ለእናቴ ሳልነግር ነው የጠፋሁት። ስሜን ለውጬ፣ ደበሎ ለብሼ።" ይታይሽን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። "ደበሎሽስ?"

"አጎዛ ይዣለሁ፣ የኔታ።"

"እሱም ይሁን። ዱላሽስ?"

"ዱላ ለምን?"

የኔታ ሳቁ፤ ተማሪዎቹም ተከትለው ሳቁ። "ይቺ ልጅ ምንም አልነገሯትም! የተማሪ ጠላት ድንቁርና መሰለሽ? ውሻ ነው። 'በእንተ ስማ ለማርያም' ብለሽ ከሰው ደጅ ስትቆሚ፣ ከባለቤቱ ቀድሞ የሚወጣው ውሻው ነው። እዪው!" ብለው ባታቸውን ገለጡ። ጠባሳው የማስመስከሪያ ያህል ያኮራቸዋል።

"እኛ እኮ አንለምንም፣ የኔታ" አለች ይታይሽ። "ምግቡ እዚያው ነው፤ ጧት፣ ቀን፣ ማታ ይሰጡናል።"

ያጠና የነበረው ሁሉ አፉን ከፍቶ ቀረ። አንደኛው ተማሪ ምራቁን ሲውጥ ሰማሁት።

"ሳይለምኑ?" አሉ የኔታ። "ሳይለምኑ ትምህርት? ታዲያ ምኑን ተማርሽው! ጠግቦ የገባ ፊደል እንደሆነ አይሰነብትም።" ካሉ በኋላ ግን አዘኑላት መሰለኝ፣ ከቤታቸው ጥግ የነበረውን የወይራ ዱላ አስመጥተው ሰጧት። ከራሷ በላይ ይረዝማል። "ያዢው። ይሰጡናል ያሉሽ ቀን ሲተዉ ታመሰግኝኛለሽ። ደግሞ በጾም ሽሮ ነው ቢሉሽ አሽትቺው፤ የመንግሥት ወጥ አይታመንም።"

ከዚያ ምርቃቱ መጣ። የሊቅ ምርቃት ደግሞ ጥልፍ ነው፤ አንዱ ከአንዱ ተያይዞ አያልቅም። ተማሪዎቹ "አሜን" ሲሉ ከርመው ድምፃቸው ዜማ ያዘ። በቅሎዋ ሳትቀር አንገቷን ደፋች። በመጨረሻ "እንትፍ፣ እንትፍ" ብለው ግንባሯን አረጠቧት።

መንገዱን ስንይዝ ይታይሽ ዱላውን ከፊቷ ይዛ እያየችው "እምዬ፣ ኮሌጁ ውስጥ ውሻ አለ እንዴ?" አለችኝ።

"ምን አውቄ፣ ልጄ።"

"ከሌለ ለምን ሰጡኝ?"

በቅሎዋን ነዳሁ። በዚያ ጉዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ያለችው እዚህ ጋ ነው።

ረቡዕ ማታና ሐሙስ፤ ደብረ ታቦር

ደብረ ታቦርን በነፋሷ ነው የማውቃት፤ ከተማው ሳይታይ ነፋሱ ይቀበላል። ያረፍነው ከባሌ የአጎት ልጅ ከአቶ ጌጡ ቤት ነው። አቶ ጌጡ ቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ከሸሚዝ ኪሱ ሁለት እስክሪብቶ አይለይም፣ አንዱ አይጽፍም። ልጁ ዘሪሁን ደግሞ ይታይሽ በምትሄድበት ኮሌጅ አንደኛ ዓመትን ጨርሷል፤ የሁለተኛ ዓመቶች ጥሪ በሚቀጥለው ሳምንት ስለሆነ ቤት ነው። ጎፈሬው ላይ ማበጠሪያ ሰክቶ ነው እራት የሚበላው።

ለይታይሽ ደስ አለኝ። ያየ ሰው ተገኘ አልኩ።

"እዚያ ፍሬሽ ነው የሚሏችሁ" አላት፣ ጉርሻውን ሳይጨርስ።

"ምን ማለት ነው?" አልኩ።

"አዲስ ገቢ፤ ገና ያልበሰለ ማለት ነው፣ እማማ።"

"እንደ እሸት?"

"እንደ እሸት። እና ይጠብሷቸዋል።" ሳቀ፤ አባቱም ሳቀ። "ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። አስተማሪው ፊቱን ወደ ሰሌዳ አዙሮ ይጀምራል፣ ወደ ሰሌዳ እንደዞረ ይወጣል። ባይገባሽም አንገትሽን ነቅንቂ። ማታ እንዳታለቅሺ፤ የመኝታው ግድግዳ ስስ ነው፣ ጧት ስም ያወጡልሻል።"

"እሺ" አለች ይታይሽ። ጣቷ እንጀራው ላይ ቆሟል።

"ለገና ከባሕር ዳር የሚመጣው አውቶቡስ ሞልቶ ነው የሚመጣው። ለበዓል እንዳይመስልሽ፤ የተባረሩት ናቸው። አንቺ ደግሞ ከጉና... ከከተማ የመጣነው እንኳ በስንት መከራ!" አለና ከንፈሩን መጠጠላት። በሕይወት ላለ ሰው ከንፈር ሲመጠጥ አልወድም።

"አንተስ እንዴት ተረፍክ፣ ልጄ?" አልኩት።

"እኔማ ዘዴ አለኝ።"

"እስቲ ንገራት። እሱ ነው የሚጠቅማት።"

"ሁልጊዜ ከምትችል ልጅ አጠገብ ነው የምቀመጠው።"

አባቱ በኩራት ራሱን ነቀነቀ። ይታይሽ እራቷን ሳትጨርስ እጇን ታጠበች።

ሐሙስ በጧት፣ በቅሎዋን ግቢው ውስጥ አስረን፣ ዕቃችንን ደጅ አውጥተን ልንሄድ ስንል አቶ ጌጡ "እንዴት ያለ ምርቃት ከቤቴ ትወጫለሽ? ቁጭ በይ" አላት። ቁጭ አልን። ምርቃቱን የጀመረው ከራሱ ልጅነት ነው። እሱ በጊዜው ዕድል ቢያገኝ ኖሮ የት እንደሚደርስ፣ አለቃው ምን ዓይነት ምቀኛ እንደሆነ፣ ትዕግሥት ምን ያህል እንደሚጠቅም። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ሲል ከመናኸሪያው የአውቶቡሱ ጡሩንባ ተሰማ። ይታይሽ አየችኝ። እኔ መሬት አየሁ። ምርቃት ላይ ያለ ሰው አፍ ሳይዘጋ ብድግ ማለት፣ በእኛ ዘንድ፣ ምርቃቱን ወደ እርግማን ማዞር ነው። ጡሩንባው ደግሞ ተሰማ። እንቁላሉ ገና በእግሩ አልሄደም።

"አሜን" ብለን ስንሮጥ መናኸሪያው ውስጥ የጠበቀን አቧራው ነው። እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ አውቶቡስ በጎማው እንደሚሄድ ሰውዬውን ማን ይንገረው? ሌላ መኪና እስከ ነገ የለም ተባለ። ነገ ዓርብ ነው፤ ምዝገባው የሚዘጋበት ቀን።

ቀኑን ገበያ ለገበያ ስንዞር ዋልን። የእብናት ነጋዴዎች እህል አራግፈው ሻይ ይጠጣሉ፤ እኛም ከአጠገባቸው ተቀምጠን ጠጣን። ይታይሽ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ሳትጠጣ አቀዘቀዘችው። ያመለጠን አውቶቡስ ያሳሰባት መስሎኝ ነበር።

ዓርብ፣ ጧት፤ በዓለም በር መንገድ

የዚያን ጧት ማንንም ሳንሰናበት እንደ ሌባ ወጣን። አጎዛው፣ ስልቻው፣ ከረጢቱ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ዱላው ግን ይወድቃል ተብሎ ከእግራችን ሥር ሆነ። መውጫው ላይ ካለው ኬላ አንድ ወታደር ይለፋችንን አይቶ "ይህ ምንድነው?" አለ ዱላውን በእግሩ እየነካ።

"የትምህርት መሣሪያ" አልኩት። ፈገግም አላለ፤ ግን አለፍን።

አሞራ ገደል ጋ አለቱ እንደ ጣት ተቀስሮ ቆሟል፤ መንገዱ ከሥሩ እንደ እባብ ይጥመለመላል። ሹፌሩ ወፍራም፣ ድምፁ የሚያስገመግም ሰው ነው። ይታይሽ ከኋላው መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች፣ እኔ ከጎኗ። ኮሌጅ እንደምትገባ ሲሰማ እሱም ማን ይቅደመኝ አለ።

"ስሚ ልጅት! 'ነይ ላስጠናሽ' የሚልሽን ወንድ 'መጽሐፉን ስጠኝና ሂድ' በይው። መጽሐፍ ከሌለው የሚያስጠናሽ ሌላ ነው!"

በጉዞው ሁሉ የተሰጠ ደህና ምክር ይህ ሳይሆን አይቀርም። ችግሩ፣ የተናገረው ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደኋላ አዙሮ ነው፤ እኔም ገደሉን እያየሁ ማርያምን እየጠራሁ ስለነበር አላጨበጨብኩለትም።

"ከፊት ከፊትህ እይ፣ ልጄ!" አልኩት።

"አየዋለሁ፣ እማማ። መንገዱ በቃሌ ነው" አለኝ።

ዓርብ፣ ምሳ ሰዓት፤ ወረታ

ወረታ ስንወርድ አየሩ እንደ ገበታ ክዳን ከላይ ተደፋብን። ሜዳው የፎገራ ነው፤ ቀንዳቸው የረዘመ ላሞች፣ እዚህም እዚያም መንግሥት ያስዘራው ሩዝ። ጣሪያው ላይ ያለው አጎዛ መሽተት ጀመረ። ሰዉ ወደ ምግብ ቤት ገባ። እኔ ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ይታይሽ ከአውቶቡሱ የለችም። ሳጥኗም ከመቀመጫው ሥር የለም።

ያገኘኋት ከመንገዱ ማዶ፣ ወደ ደብረ ታቦር ከሚመለስ የጭነት መኪና አጠገብ ቆማ ነው።

"ምን ታደርጊያለሽ እዚህ?"

"ልመለስ ነው፣ እምዬ።"

"ምን ረስተሽ?"

"ምንም አልረሳሁም። ወደ ቤት ልመለስ ነው።"

አሁን ከተመለሰች አበቃ ነው፤ ምዝገባው ዛሬ ማታ ይዘጋል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ቦታዋን የሚያስቀምጥላት የለም።

"ፈርተሽ ነው?"

"እምዬ፣ ደብረ ታቦር ስማር ማን መከረኝ?" አለች። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም፤ አስባበት ኖሯል። "ሁለት ሆነን በአንድ መደብ ስንተኛ፣ ጋዝ አልቆብን በጨለማ ስናጠና፣ አንድ ሰው መጥቶ 'እንዲህ አድርጊ' አላለኝም። ለምን መሰልዎት? ትችላለች ብለው ነው። አሁን ግን ሁሉም ይመክረኛል። ዱላ ይሰጡኛል። ከንፈር ይመጥጡልኛል። ለሚችል ሰው እንዲህ ይመከራል? እንደምወድቅ ሁሉም ያውቃል፤ ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።"

የምለው ብዙ ነበር። "አይዞሽ" ልላት፣ "ትችያለሽ" ልላት፣ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ልላት። ሁሉም ከአፌ ጫፍ ደርሶ ምክር ምክር ሸተተኝ። ያንን ከጨመርኩባት እዚያው የጭነት መኪናው ላይ ትወጣለች።

"ደግ" አልኳት። "ተመለሺ።"

ቀና ብላ አየችኝ።

"እኔ እሄዳለሁ" አልኩ።

"ወዴት?"

"ኮሌጅ ነዋ። አልጋው ተይዟል። ጧት፣ ቀን፣ ማታ ይበላል ብለሻል። ጭብጨባውን ሊቀመንበሩ አስተምሮኛል፤ አንገት መነቅነቅ ዘሪሁን አሳይቶኛል፤ ለውሻው ዱላ አለ። ምን ጎደለኝ? እናትሽን ሰላም በያት፣ በቅሎዋን ከአቶ ጌጡ ቤት ውሰጂ። ገብሱን ሳታጭዱ እንዳትቀሩ።"

"እምዬ፣ አይቀልዱ።"

ዞር ብዬ መንገዱን ተሻገርኩ። ወደኋላዬ አላየሁም። አውቶቡሱ ላይ ወጥቼ ከመስኮቱ ጋ ከእሷ ቦታ ተቀመጥኩ። ዱላውን በሁለት ጉልበቴ መካከል አቆምኩት።

ሹፌሩ ጥርሱን እየፋቀ ገባ። "ልጅቷስ፣ እማማ?"

"ትመለሳለች። እኔ ልማር ነው የምሄድ።"

"እርስዎ?"

"ምን ይገርማል? ፊደል ቆጥሬያለሁ።"

ሰውዬው ገባው ወይም አልገባውም፤ ብቻ ለጨዋታ የተፈጠረ ሰው ነው። ወደ ተሳፋሪው ዞሮ "ጎበዝ! እማማ ዛሬ አንደኛ ዓመት ሊገቡ ነው!" ብሎ አስገመገመ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው? መኪናው ሙሉ ምክር ሆነ።

"እማማ፣ የታችኛውን አልጋ ይያዙ" አለች አንዲት ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ፣ ወደ አንበሳሜ የምትሄድ፤ ሐሙሲት ላይ ነው የምትወርደው። "ከላይ ከወደቁ ማን ያነሳዎታል?"

"ሒሳብ ይጠንክሩ!" አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ።

"'ላስጠናዎት' የሚል ወንድ ከመጣስ?" አለ ሹፌሩ።

"እሱን ለእኔ ተወው" አልኩት፤ መኪናው በሳቅ ተናወጠ።

እኔ ግን በመስታወቱ ከማዶ ነበር የማየው። ይታይሽ ሳጥኗን ይዛ እንደቆመች ናት። የጭነት መኪናው ሞተሩን አስነሳ። የጭነቱ ሹፌር "ውጣ! ውጣ!" ሲል ይሰማል። የእኛም ተነሳ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያቺ ልጅ ባትንቀሳቀስ ኖሮ እኔ ባሕር ዳር ደርሼ ምን እንደማደርግ አላሰብኩም ነበር። ሹፌራችን ጡሩንባውን ነፋ። እንደገና ነፋ። ሦስተኛውን ሲነፋ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ከራሴ በላይ ቆማለች፤ ሳጥኑን ታቅፋ፣ ላብ በላብ ሆና።

"ይነሱ፣ እምዬ።"

"ለምን?"

"መስኮቱ የኔ ቦታ ነው።"

ተነሳሁ። ሐሙሲት እስክንደርስ ሁለታችንም የሊቀመንበሩን ባቄላ ቆረጠምን፤ ለነጋዴዋም አካፈልናት። እውነቷን ነው፤ ጥሬው ሳይሻል አይቀርም።

ዓርብ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፤ ኮሌጁ በር

ባሕር ዳር ዘንባባው ሥር ሰው በሸሚዝ ይንሸራሸራል። እኛ አጎዛ ተሸክመን ገባን። የሚያየን ሁሉ በጉን የት እንዳሰርነው የሚጠይቅ ይመስላል። ጋሪ ይዘን ከኮሌጁ በር ስንደርስ ዘበኛው ወንበሩን ሊያስገባ ብድግ ብሏል።

"መሽቷል እኮ! ለምዝገባ ነው?"

"ለምዝገባ ነው።"

እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ዱላውን አየ። "ተማሪዋ ማናት?"

ሰውዬው ምን ነክቶት እንደጠየቀ እንጃ። ምናልባት ዱላውን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ይሆናል። ወደ ይታይሽ ዞርኩ። የሐይቁ ነፋስ ነጠላዬን አንስቶ አወረደው።

"እኔ ነኝ" አለች።

"ግቢ እንግዲህ፤ ሊዘጉ ነው። ያ ግራጫው ሕንፃ ነው።" ከዚያ ጣቱን አነሳ። የዚያን ጣት አነሳስ ከጉና ጀምሮ አውቀዋለሁ። "ግን ስሚ፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልምከርሽ..."

ዱላውን መሬት ላይ ደለቅሁት። "አንተም?!"

ደነገጠ። "ኧረ እማማ፣ ሳሩን አትርገጪ ልላት ነው! ያስቀጡኛል። በዳር በዳር ዞራ ትሂድ፤ ሌላ ምን እላታለሁ?"

ይታይሽ ሳቀች። ከየኔታ ደጅ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቋ ነው። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። መመረቅ ነበረብኝ፤ እጄንም አንስቼ ነበር። ከሕንፃው የበር ቁልፍ ሲንኳኳ ተሰማና እጄን መለስኩት። "ሂጂ" አልኳት፤ ይኸው ነው።

ሳጥኗን ብቻ ይዛ ገባች። በሶውም፣ አጎዛውም፣ ዱላውም ከእኔ ጋር ቀረ። በሩን አልፋ ቆም አለች። ከፊቷ የተስተካከለ፣ ማንም ያልነካው አረንጓዴ ሳር፤ በዳሩ የሚዞር ረጅም የጠጠር መንገድ፤ ከማዶ ግራጫው ሕንፃ፣ በሩ ግማሹ የተዘጋ። ልጅቷ የጉና ናት፤ ሳር እንዳይረገጥ ተብሎ ሲከለከል በሕይወቷ አልሰማችም። በዳር የሚወስደውን መንገድ አየችው፣ በሩን አየችው። ከዚያ ሳጥኗን ትከሻዋ ላይ አውጥታ ሳሩን ለሁለት ሰንጥቃ ሮጠች። አንዴም ዞር አላለችም።

ዘበኛው ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ ሳይነፋው ቀረ። ገብታ እስክትጠፋ አብረን ቆመን አየናት። ዳቦ ቆሎ ዘግኜ ሰጠሁት፤ እያኘከ ራሱን ነቀነቀ።

"እማማ፣ አይቀየሙኝና፣ ይቺ ልጅ ምክር የምትሰማ አይደለችም" አለኝ።

"አሜን" አልኩት።